ፔንታጎን! ሁለት ሰው የቀረው!

እኔና ባለቤቴ ከሰኞ እስከ ዓርብ የምንገናኘው በር ላይ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ በፈረንጅ አምስት ሰዓት መሆኑ ነው፣ እሱ የሚያብረቀርቀውን ሰደርያ በረንዳው ላይ አራግፎ ሲገባ እኔ ቡናዬን ይዤ እወጣለሁ። ሬንጅ ሬንጅ ይሸታል። መጀመሪያ ሰሞን ልብሱን ለብቻ እያጠብኩ ስታገል ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ።

"ዛሬ የት አመሻችሁ?"

"ሎርተን ጋ። ግራሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ቀኙ ተልጦ ነው ያደረው።"

የቤታችን የጠዋት ወሬ ይኼ ነው። እሱ ትኩስ አስፋልት ከማምረቻው እስከ ማንጠፊያው ማሽን የሚያመላልስ የገልባጭ መኪና ሹፌር ነው። እኔ ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ፣ ላንፋን ፕላዛ አካባቢ፣ ቢሮ እሠራለሁ። የምንኖረው ውድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ ነው። እሱ ሌሊት የሚያነጥፈውን እኔ ጠዋት እሄድበታለሁ፤ ስለዚህ ስለ 95 ቁጥር መንገድ ብዙ የምለው ቢኖረኝ አይፈረድብኝም።

መንገዱን የማያውቅ ሰው ካለ፦ 95 ከደቡብ እየመጣ ስፕሪንግፊልድ ላይ ቀለበት መንገዱን ሲያገኝ ስሙ 395 ይሆንና ፔንታጎንን ታክኮ ዋሽንግተን ይገባል። ከኛ ሰፈር እስከ ከተማ ሃያ ምናምን ማይል ቢሆን ነው። ጠዋት ግን ማይል አይቆጠርም፣ የሚቆጠረው ደቂቃ ነው። መሀል ላይ፣ በኮንክሪት ግንብ ተከልሎ፣ ጠዋት ወደ ሰሜን ከሰዓት ወደ ደቡብ የሚገለበጥ ሌላ መንገድ አለ። እኔ በ2010 (በፈረንጅ) ወደዚህ ስመጣ ያ መንገድ ሁለት መስመር ነበር፤ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ሦስት ሰው ያልጫነ መኪና አይገባበትም። ኤችኦቪ ይሉታል። ብቻህን ከሆንክ ከግንቡ ወዲህ ሆነህ ቀይ የፍሬን መብራት እየቆጠርክ ትጓዛለህ፤ ከግንቡ ወዲያ ያሉት ሽው ይላሉ።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት መላውን የነገረችኝ። "መኪናሽን ሆርነር ሮድ ማቆሚያ ተዪና ሰልፍ ያዢ። ሁለት ሰው የጎደለው ሹፌር መጥቶ ይወስድሻል። አትከፍይም።" ማን ነው የሚወስደኝ? "ማንም።" እኔ አዲስ አበባ ያደግሁ ሴት ጎህ ሳይቀድ ከማላውቀው ወንድ መኪና ልገባ! ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ወደ ሥራ የምሄደው በአውቶቡስ ነው ብላ ነው የምታምነው።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ጨለማ ነው፣ ብርድ ነው፣ በሺህ የሚቆጠር መኪና በተደረደረበት ሜዳ ጠርዝ ላይ ሰዎች ዝም ብለው ተሰልፈዋል። ወታደር አለ፣ ከረባት ያሰረ አለ፣ ነጭ ስኒከር ከቀሚስ ጋር ያደረገች አለች። መኪና መጣ፣ መስኮቱ ወረደ፣ ሰውየው ሁለት ጣቱን አወጣና "ፔንታጎን" አለ። እኔ ብቻዬን ሳቅሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምን ላድርግ? ያ ሰውዬ እኮ ወያላ ነው! "ፒያሳ ፒያሳ፣ ሁለት ሰው የቀረው!" ከማለት በምን ተለየ? ሁለት ሰው ገባ፣ በር ተዘጋ፣ "ሳበው!" የሚል ብቻ ጠፋ። ልዩነቱ ተራ አስከባሪ የለም፣ ሳንቲም የሚቀበል የለም፣ የሚጋፋም የለም።

ይኼን ነገር ስላግ ይሉታል። ድሮ የአውቶቡስ ሹፌሮች ሳጥኑ ውስጥ የሚጣልባቸውን ሐሰተኛ ሳንቲም ስላግ ይሉት ነበርና፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሞ አውቶቡስ የማይጠብቀውን ሰውም "ሐሰተኛ ተሳፋሪ" ብለው በዚያው ስም ጠሩት ይባላል። ያልተጻፈ ሕግ አለው፣ ደግሞም ይከበራል። ገንዘብ አይሰጥም፣ አይጠየቅም። ሬዲዮውም መስኮቱም የሹፌሩ ነው። አይበላም። ሹፌሩ ወሬ ካልጀመረ ተሳፋሪ አይጀምርም። ሴት ሰልፉ ላይ ብቻዋን አትተውም፤ ከፊቷ ያለው ሰው ተራውን ይለቅላታል ወይም አብሯት ይቆያል። ይኼኛውን ሕግ ሳውቅ ነው ልቤ የረጋው። ስትወርድ "አመሰግናለሁ" ትላለህ፣ አለቀ። አርባ ደቂቃ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስም ሳይጠያየቁ የሚለያዩ ሰዎች! እኛ ከጎተራ ሳሪስ ስንደርስ የልጆቹን ቁጥር እናውቃለን።

ስፕሪንግፊልድ ያለው ሰልፍ ደግሞ "ቦብስ" ይባላል። ቦብስ የሚባል ነገር ግን የለም። ድሮ ቦብስ ቢግ ቦይ የሚባል ምግብ ቤት ነበረበት፣ ምግብ ቤቱ ሄደ፣ ስሙ ሰልፉ ላይ ቀረ። ባቡር ሳይኖር ለገሃር እንደምንለው።

በኋላ እኔም ሹፌር ሆንኩ፤ ሁለት ጣት የማወጣው እኔ፣ "ላንፋን" የምለውም እኔ። አንድ ጠዋት፣ ክረምቱ ለቆ የቼሪው አበባ ሊፈነዳ ሰሞን፣ ሁለት ሰው ገባ፦ ከኋላ አንድ መኮንን፣ ከፊት ሽበታቸው የሚያምር ሽማግሌ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለችውን መስቀል አዩና፣ "ሀበሻ ነሽ አይደል፣ ልጄ?" አሉ። ሕጉ ፈረሰ። እንግዲህ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ማን ይቆጣቸዋል?

ይኼን መንገድ ሃምሳ ዓመት የኖሩበት ያህል ያውቁታል። ሸርሊ ሀይዌይ ነው ስሙ፣ የቨርጂኒያ የመንገድ ኃላፊ በነበረ ሰው የተሰየመ። መሀሉ መጀመሪያ የተከፈተው በ1969 ለአውቶቡስ ብቻ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሀይዌይ ላይ ለአውቶቡስ ለይቶ መስጠት ያኔ አዲስ ነገር ነበር። ከዚያ በ1973 መጨረሻ አረቦቹ ነዳጅ ሲያቆሙ፣ አራት ሰው የጫነ የግል መኪናም ይግባ ተባለ። (ወደ ሦስት የወረደው በ1989 ነው።) "ዲሴምበር 1973 በኛ ስንት ነው?" አሉኝ። እየነዳሁ ቆጠርኩ። ታኅሣሥ 1966።

"አየሽ! ሁለት ወር ቆይቶ፣ የካቲት 11፣ አዲስ አበባ ታክሲ ቆመ። እኔ ተማሪ ነበርኩ፣ ከአራት ኪሎ መርካቶ በእግሬ ነው የሄድኩት። ቤንዚን በግማሽ ጨመሩበት፤ ታሪፉን ግን አትጨምርም አሉት። ታዲያ ምን ያድርግ? ቆመ። ያው ነዳጅ ነው፣ ያው ዓመት ነው። እኛ ዘንድ ታክሲ ቆሞ ንጉሥ ወረደ፤ እዚህ ሰው ከማያውቀው ሰው መኪና ገባ።"

እርግጥ ንጉሡን ያወረደው ታክሲ ብቻ አይደለም፤ መምህሩም ወታደሩም ነበረበት። እሳቸውም ያውቁታል፣ ለወሬ ማጣፈጫ ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ጣቴን በመስኮት ባወጣሁ ቁጥር የካቲት ትዝ ትለኛለች። መኮንኑ ከስፕሪንግፊልድ ጀምሮ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ፔንታጎን ስንደርስ ራሱ ነቃ፤ ሁሉም እንዴት በሰዓቱ እንደሚነቁ አይገባኝም።

በ2012 ማሽኖቹ መጡ። ሁለቱን መስመር ሦስት ሊያደርጉት፣ ከዳምፍሪስ በታችም እስከ ስታፎርድ ሊያወርዱት፤ ሲያልቅ ጠቅላላው 29 ማይል ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ በብርቱካናማ በርሜል መሀል ነዳን። አንድ ጠዋት የምታውቀው መስመር በሚቀጥለው ጠዋት ግማሽ ሜትር ተንሸራቶ ታገኘዋለህ፤ አሮጌው ቀለም ተፍቆ ጠባሳው ስለሚቀር ዝናብ ሲዘንብ የትኛው መስመር የትኛው ጥላ እንደሆነ አይለይም። ትከሻው ጠቦ መሪዬን በሁለት እጄ እንቅ አድርጌ ነበር የምሄደው።

ባለቤቴ የአስፋልት ሥራ የጀመረው ያኔ ነው፤ እዚያው ፕሮጀክት ላይ ሳይሆን ጎኑ ያለውን ተራውን መንገድ በሚያድስ ቡድን። ስለ አስፋልት የማውቀው በሙሉ ከሱ የሰማሁት ነው። አሮጌው መንገድ መጀመሪያ ይላጣል፣ ሁለት ኢንች ያህል። ጥርስ ያለው ከበሮ የተገጠመለት ማሽን እየፈጨ በቀበቶ ወደ መኪናው ይተፋዋል። ያ የተላጠው አይጣልም፣ ማምረቻው ተመልሶ ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል። "እርሾ ነው" ይላል እሱ። አዲሱ በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ተጭኖ፣ ሸራ ለብሶ ይመጣል፤ ሳይበርድ መነጠፍ፣ ሳይበርድ በሮለር መዳመጥ አለበት። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። መኪኖቹ ዘግይተው ማንጠፊያው ማሽን ከቆመ፣ የቆመበት ቦታ ጉብታ ይሆናል። እንጀራ ስትጋግሪ ሊጡ መሀል ላይ አልቆብሽ እንደገና ስትጨምሪ እንደሚሆነው። ስለዚህ እሱ ትራፊክ ውስጥ ከተያዘ እኔ ጠዋት እነጥራለሁ ማለት ነው።

መንገዱ የሚዘጋው ከምሽቱ ሦስት አራት ሰዓት በኋላ ነው፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት በፊት መከፈት አለበት። ዝናብ ከመጣ ሥራ የለም። ክረምት ሲገባ ሥራ የለም፤ የኛ ቤት ወጪ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ይጠብቃል። ሰዎች መንገድ የሚበላሸው በመኪና ብዛት ይመስላቸዋል፤ እሱ ግን "ውኃ ነው ጠላቱ" ነው የሚለው። ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ሌሊት በረዶ ሆኖ ያብጣል፣ ቀን ይሟሟል፣ በሚቀጥለው ሌሊት ደግሞ ያብጣል፤ ማርች ላይ ጉድጓድ ነው። ከሥሩ አሮጌ ኮንክሪት የተሰነጠቀ ካለ ደግሞ ከላይ የፈለግከውን ብታለብሰው ስንጥቁ በዚያው ቦታ ተመልሶ ይወጣል። "ያለበሱት እንጂ ያከሙት የለም" ይላል በንዴት፣ በየዓመቱ የሚመለሱበት አንድ ቦታ ስላለ።

ሦስተኛው መስመር በ2014 መጨረሻ ሲከፈት ከሱ ጋር ዋጋም መጣ። ሦስት ሆነህ ከገባህ ዛሬም ነጻ ነው። ብቻህን ከሆንክ ግን ከፍለህ ትገባለህ፤ ዋጋው ሰሌዳ ላይ እየተቀያየረ ይታያል፣ መንገዱ ሲጨናነቅ ይወጣል፣ ጣሪያ የለውም። ድሮ ንጹሕ ነዳጅ የሚል ታርጋ ለጥፈው ፕሪየሳቸውን ብቻቸውን በግንቡ ውስጥ ይነዱ የነበሩ ወዳጆቻችን አዘኑ፤ ያ ነገር በዚያው ቀረ። መንገዱን ለግል ኩባንያ ያከራዩበት ውል እስከ 2087 ነው። እኔ ልጄን ዋና ትምህርት የማመላልስበትን መንገድ እሷ ራሷ ጡረታ ወጥታም ትከፍልበታለች።

በ66 ቁጥር መንገድ ያሉት የባሰ አይተዋል። እዚያ፣ ከቀለበቱ ወደ ውስጥ፣ ክፍያው በ2017 ዲሴምበር በተጀመረ በሁለተኛው ቀን 40 ዶላር ደርሶ ነበር። ለአሥር ማይል! ያን ሳምንት ቢሮ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም።

ክፍያውን የምጠላ መስሎ እንዳይታይብኝ። ከፍዬ አውቃለሁ። ልጄ ታማ ከትምህርት ቤት የተደወለልኝ ቀን ሰሌዳው ላይ ከ30 ዶላር በላይ ተጽፎ ነበር፣ አይቼ እንኳ አላመነታሁም፤ ያን ቀን መቶም ቢል እገባ ነበር። የከነከነኝ ሌላ ነው። ድሮ በዚያ ግንብ ውስጥ መኮንኑም ጽዳት ሠራተኛዋም አለቃውም ለመግባት ሁለት ሰው ያስፈልገው ነበር። ሆርነር ሮድ ላይ ጥቁር መርሴዲስ መስኮቱን አውርዶ፣ ከረባቱን እያስተካከለ "ፔንታጎን?" ብሎ ሲለማመጥ አይቻለሁ። ማንንም ሳይለማመጡ መግባት የሚቻለው አሻንጉሊት አስቀምጦ ነበር፤ እንደዚያም የሚያደርጉ ነበሩ። (እኔ ራሴ የጤፍ ጆንያ ነጠላ አልብሼ ወደፊት ወንበር ላይ ላስቀምጥ አስቤ አውቃለሁ። ቀበቶ እስከማሰር ደርሼ ነበር።) አሁን ግን ገንዘብ ያለው ሰው ሆርነር ሮድን ላያት ይችላል። ካርድ አለው።

ካርዱ ራሱ፣ ኢዚፓስ ፍሌክስ የሚሉት የመንገድ መክፈያ፣ ጎኑ ላይ ማንሸራተቻ አለው፤ ሦስት ስትሆን ወደ ኤችኦቪ ትገፋዋለህ፣ ብቻህን ስትሆን ትመልሰዋለህ። አንድ እሁድ ሦስታችን ቤተ ክርስቲያን ሄደን ተመለስን፤ ገፍቼዋለሁ። ሰኞ ጠዋት አርፍጄ ስለነበር ሰልፉን ትቼ ልክፈል ብዬ ብቻዬን ገባሁ። መመለሱን ረሳሁት። ከኋላዬ ሰማያዊ መብራት ሲበራ ለአምቡላንስ ነው ብዬ በትህትና ቦታ ለቀቅሁ! 125 ዶላር። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ነው፤ ከዚያ በኋላ እጥፍ እጥፍ እያለ አራተኛው ሺህ ዶላር ይደርሳል። ፖሊሱ "ሌሎቹ ሁለቱ የት አሉ?" ሲለኝ "ቤተ ክርስቲያን" አልኩት፤ ከድንጋጤ የተነሳ እውነቱን ተናግሬ ውሸታም መሰልኩ።

በ2019 ኖቬምበር የቀረችውንም ስምንት ማይል እስከ ከተማው ድንበር ጨረሷት፤ ሰልፈኛው ደስ አለው፣ ምክንያቱም ኤድሳል ሮድ አካባቢ የነበረው መጨናነቅ የሚያስለቅስ ነበር። አራት ወር ሳንነዳባት ኮሮና መጣ። ሆርነር ሮድ ባዶውን ቀረ። በዚያ ሰሞን ባለቤቴ ብቻ ነበር ከቤት የሚወጣው፤ "መኪና የለም፣ ቀንም ይሠራ ብለውናል" ብሎ ሲመለስ የሠርግ ዜና ያመጣ ይመስል ነበር።

ለዓመታት ሰልፉ ቀጭን ነበር፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆመህ አንድ ሰው ብታገኝ ነው። በ2025 የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ቢሮ ይግባ ሲባል ተመለሰ። ፊቶቹ አዲስ ናቸው፣ ሕጉን ገና አያውቁትም። ባለፈው አንዱ ገብቶ ሳይቀመጥ ስሙን ነገረኝ፣ እጁንም ዘረጋልኝ፤ ምስኪን።

በቀደም ደግሞ ሁለት ሰው ጭኜ ስወጣ የግንቡ መንገድ መግቢያ ሰሌዳ "ዝግ" ይላል፤ ውስጥ ግጭት አለ። ወደ ተራው መንገድ ወጣን። ከኋላ ያለው ልጅ ሰዓቱን እያየ ተነፈሰ። ከፊት ያለችው ሹራብ የምትሠራ ሴትዮ ናት፣ እንዲያውም ደስ ያላት መሰለኝ፣ ረድፍ ልትጨምር። ሎርተንን አልፈን የተላጠው ላይ ስንወጣ ጎማው ማጓራት ጀመረ፣ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ የሴትዮዋ መርፌ ጥልፍ ሳተ። ትንሽ ሄድን። ከዚያ በአንዴ ጸጥ። አዲሱ አስፋልት ላይ ነን፣ ጥቁር፣ ገና ቀለም በቅጡ ያልተቀባ፤ የመኪናው ውስጥ ድምፅ ሁሉ ጠፍቶ የመርፌዎቹ መጋጨት ይሰማ ጀመር። ሴትዮዋ ቀና ብላ በመስኮት መንገዱን አየች። የኔ ባል ነው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሹፌሯ እኔ ነኝ፣ ይፈቀድልኛል። ግን ወዲያው አቀርቅራ መቁጠር ጀመረች፣ እኔም ተውኩት።

በማግስቱ በር ላይ ነገርኩት። "ኒውንግተን ጋ መጋጠሚያዋ ጨርሶ አልተሰማችኝም። እንደ ሐር።"

ሰደርያውን እያራገፈ ቆም አለ። "ኒውንግተን? እሷንማ የሌላኛው ቡድን ነው የሠራት። የኛዋ ከሷ በፊት፣ ድልድዩ ጋ ያለችው ናት።"

ድልድዩ ጋ ያለችው ላይ ቡናዬ ቀሚሴ ላይ ተደፍቶ ነበር። ዝም አልኩ።